የወላጆቻችን የዘመቻ ደብዳቤዎች፦ ለጠቅላላ ጉባኤ በሚቀርበው ዕቅድ ላይ የተደረገ ውይይት

ጸሐፊዋ፦
ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በ1969 ዓ.ም. ከወሎ ወደ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሄደው ሠልጥነው፣ የሶማሊያን ወረራ ለመመከት ወደ ምሥራቅ ግንባር የዘመቱ ወላጆቻችን የላኳቸው ደብዳቤዎች፣ ፎቶግራፎችና ይዘዋቸው የተመለሱ ዕቃዎች በየቤታችን አሉ። የመጀመሪያው ሐሳቤ ደሴ ላይ አንድ ክፍል ተከራይተን ሁሉንም በመስታወት ሣጥን እንድናስቀምጥ ነው። ተቃውሞም ማሻሻያም ካላችሁ እስከ ዓርብ ጻፉልኝ።

የኮምቦልቻዋ አባል፦
እኅቴ፣ ድካምሽን አከብራለሁ፤ በክፍሉ ሐሳብ ግን አልስማማም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሙዚየሙ ተዘርፏል። የእናቴ ደብዳቤዎች የተረፉት ከቤት ስንወጣ በመቀነቷ ጠቅልላ ስለያዘቻቸው ነው።

ሌላው ምክንያቴ ከዚህ ይበልጥብኛል። አባቴ ፊደል አልቆጠረም ነበር፤ ጓደኛው እየጻፈለት ይልካል። እናቴም ማንበብ አትችልም ነበርና ደብዳቤው በገበሬ ማኅበሩ በኩል ሲደርሳት የጎረቤት ተማሪ ጠርታ፣ ቡና አፍልታ ታስነብባለች። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ከቆጠረች በኋላ፣ 1972 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ሙዳዩን ከፍታ ሁሉንም እንደ አዲስ ለራሷ አነበበች። በአንዱ ላይ ልጁ ያልነገራት መስመር አገኘች፦ «እጄን ትንሽ ነክቶኛል፤ አትደንግጪ።» አዝኖላት ዘሎታል። አባቴ የተመለሰ ዕለት ገና ደጃፉ ላይ ሳለ ቀኝ እጁን ይዛ እንዳገላበጠች እስከ ዛሬ ትናገራለች። ወረቀቱን ብቻ ወስደን መስታወት ውስጥ ብናኖረው ይህ ሁሉ ይቀራል።

ሐጂ (ከሐይቅ)፦
ልጄ፣ እናትሽን አላህ ያቆይልሽ። እኔ ከእነዚያ ጸሐፊዎች አንዱ ነበርኩ። ስድስተኛ ክፍል ደርሼ ስለነበር የብዙ ጓደኞቼ ደብዳቤ በእጄ አልፏል። የጥይት ሣጥን ገልብጬ ጉልበቴ ላይ አደርግና እጽፋለሁ። መጀመሪያው ለሁሉም አንድ ነው፦ «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፤ እኔ ካንቺና ከልጆቹ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ።» መጨረሻው ላይ «ኢትዮጵያ ትቅደም» እጨምራለሁ፤ እነሱ አላሉኝም፣ የጊዜው ልማድ ነበር። መሐሉ ግን የራሳቸው ነው። አንዱ በወባ ፊቱ ገርጥቶ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ «ታመመ አትበል፤ በሬው እንዳይሸጥ ብቻ ጻፍልኝ» ብሎኛል። ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ እንኳ የሚያጽፉኝ ስለ እርሻቸው ነበር። እናም የትኛው ቃል የአባታችሁ፣ የትኛው የጸሐፊው እንደሆነ የሚለይላችሁ ሰው ሳይሞት ጠይቁ። እኔም ዓይኔ እየደከመ ነው።

ፎቶ ቤት ያለው አባል፦
የሐጂን ሐሳብ እደግፋለሁ። ከሙያዬ ጥቂት ልበል። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፣ በላስቲክም አታሳሽጉ። ፕላስተሩ እያደር ቢጫ ይሆናል፣ ወረቀቱንም ያበላሻል፤ አንዴ በሙቀት የታሸገውን ደግሞ መልሶ ማውጣት አይቻልም። ሽቦ ካለበት ቀስ አድርጋችሁ አውጡ፤ የደሴ ክረምት ያዝገዋል። ኮፒ ማንሻ ማሽን በየቤቱ ይዤ እዞራለሁ፤ ጀርባውንና ፖስታውንም ጭምር አነሳለሁ። ክፍያ አልፈልግም። ቅጂው ሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ የግድ ከወሎ ውጭ ይሁን።

ከወልድያ፦
አንድ ጥያቄ አለኝ። ደብዳቤዎቹ ውስጥ የባልና የሚስት ነገር አለ። እናቴ አባቴ የጻፈላትን ሰው ሁሉ እንዲያነብባት አትፈልግም፤ እኔም አልፈልግም።

ጸሐፊዋ፦
ትክክል ነዎት። ክፍል የመከራየቱን ሐሳብ ትቼዋለሁ፤ የኮምቦልቻዋ እኅቴ አሳምናኛለች። ረቂቁ እንዲህ ተስተካክሏል፦

«ዋናው ደብዳቤና ዕቃ ከባለቤቱ ቤት አይወጣም። ማኅበሩ ቅጂ ያነሳል፤ ደብዳቤውን የተቀበለችው እናት ወይም የጻፈው ሰው በሕይወት ካለ፣ ወረቀቱን በእጁ ይዞ ሲተርክ ድምፁ ይቀረጻል። የትኛው ገጽ ለሌላ ሰው እንደሚታይና የትኛው እንደሚዘጋ ባለቤቱ ይወስናል፤ ውሳኔውም ቅጂው ላይ ይጻፋል። ከሦስቱ ቅጂዎች አንዱን ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱን አዲስ አበባ ያለው ቤተ መዛግብት እንዲቀበሉን በደብዳቤ እንጠይቃለን፤ ሦስተኛው በቤተሰቡ ዘንድ ይቆያል።»

ሜዳልያ፣ ኮዳና ካፖርት ፎቶግራፋቸው ይነሳና በዚሁ ደንብ ይሄዳሉ። ወጪው የቀረጻና የመጓጓዣ ብቻ ስለሆነ ከወርኃዊው መዋጮ እንሸፍነዋለን፤ ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን ያቀርባል።

ሐጂ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ቀረጻውን ከእርስዎ እንጀምር።

ሐጂ፦
ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ቤቴ ኑ። የኮምቦልቻዋ ልጄ፣ የአባትሽ ደብዳቤ የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ ባየው ደስ ይለኛል። የሠፈራችንን ልጆች ጽሑፍ አሁንም እለያለሁ።

የኮምቦልቻዋ አባል፦
ነግሬያታለሁ፤ አብራኝ ትመጣለች። ሙዳዩን ግን እሷ ራሷ ነው የምትይዘው።