ሚስ ሃቪሻምን የት ልመድባት?

ሰላም ለሁላችሁ። በቻርልስ ዲከንስ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ላይ የገፀ ባሕርይ ትንተና እየጻፍኩ ሚስ ሃቪሻም ጋ ስደርስ ቆምኩ።

መለኪያዬ እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር በ1927 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ጠፍጣፋ ገፀ ባሕርይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል። ክቡ ግን አሳማኝ በሆነ መንገድ ያስደንቀናል።

መጀመሪያ ጠፍጣፋ ናት ብዬ ጻፍኩ። ሰዓቶቿ በእኛ አቆጣጠር 2፡40 ላይ ቆመዋል። የሙሽራ ቀሚሷ ወይቧል። ያደረገችው ጫማ አንድ እግር ብቻ ነው። ኬኩን ሸረሪት ወርሶታል። በቃ፣ የተከዳች ሙሽራ!

አማካሪዬ ግን «ምዕራፍ 49ስ?» ብሎ መለሰልኝ። እውነትም እዚያ የመጽሐፉ ዋና ገፀ ባሕርይ ፒፕ እግር ሥር ተንበርክካ «ምን አደረግሁ!» እያለች ታለቅሳለች። ስለዚህ ገልብጬ ክብ ናት አልኩ። እሱም አላስኬደኝም። ከተቃጠለች በኋላ እንኳ ሦስት ዓረፍተ ነገሮችን፣ ቅደም ተከተላቸው ሳይዛነፍ፣ ደጋግማ ትላለች። ፀፀቷም እንደ ሰዓቶቿ የቆመ ይመስላል (ይቺን ነገር ወድጃታለሁ፣ ግን ማስረጃ አትሆነኝም)።

መጽሐፉን ሁለቴ አንብቤዋለሁ። ከምዕራፍ 49 በፊት ይህን ፀፀት አሳማኝ የሚያደርግ ፍንጭ የትኛው ትዕይንት ላይ ነው ያለው?