ደመወዝ መጨመር በማንችልበት በዚህ ጊዜ ሠራተኞቼን በምን ላበርታ?

የጠባሴዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ ልብስ ስፌት ድርጅት የምርት ኃላፊ ነኝ። 23 ሰፊዎች፣ ሦስት ቆራጮችና ሁለት ካውያ የሚተኩሱ ልጆች አሉኝ። ዋናው ሥራችን የተማሪ ዩኒፎርምና የሥራ ቱታ ነው።

ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የክር፣ የዚፕና የጨርቅ ዋጋ ጣራ ነክቷል። ጠዋት የጠየቅኩት ዋጋ ከሰዓት ሌላ ነው። ትምህርት ቤቶች ትእዛዝ ቀንሰዋል፤ ያዘዙትም ቀሪ ክፍያ ያዘገያሉ። ወደ መንዝ የምንልከው ዕቃ መንገድ ሲዘጋ እዚሁ ተከምሮ ይከርማል። ደመወዝ ወር ከገባ በአሥረኛው ቀን የተከፈለበት ጊዜም አለ።

ሁለት ጎበዝ ሰፊዎች ለቀውብኛል። አንዷ ኮሌታ ስትገጥም አጠገቧ ቆሜ ማየት እወድ ነበር። መርፌ ሳትሰካ፣ በጣቷ ብቻ ይዛ፣ ሁለቱንም ጫፍ እኩል ታወጣዋለች። አሁን በየቀኑ ኮሌታ እየተፈታ ይሰፋል። የቀሩት ቢጨቃጨቁኝ በወደድኩ። ዝም ነው ያሉት። ምሳ ሳይዙ የሚመጡ አሉ፤ ቆሎ ተካፍለው፣ ውሃ ጠጥተው ማሽናቸው ላይ ይቀመጣሉ።

ባለቤቱ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። «ሞራላቸውን ጠብቂ» ይለኛል። የማነቃቂያ ንግግር የሚያደርግ አሠልጣኝ ሊያመጣ አስቧል። እኔ በዚያ ገንዘብ ምሳ ብናበላቸው እላለሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው የመራችሁ ካላችሁ ምን አደረጋችሁ? እነዚህን ልጆች ከልቤ እወዳቸዋለሁ።

ፎርማኑ ከሸዋ ሮቢት፦
እህቴ፣ አሠልጣኙ ይቅር። የራበው ሰው ለወጉ ያጨበጭባል እንጂ ልቡ እዚያ አይሆንም። እኔ ግንባታ ላይ ነኝ። ሲሚንቶ ሲጠፋ ሥራ ይቆማል። የቀን ሠራተኛው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ነገ ልምጣ ወይስ ልቅር?» እኔም ማታውኑ ቁርጡን እነግረዋለሁ። ያን ካወቀ የነገ እንጀራውን ሌላ ቦታ ይፈልጋል፤ ሲሚንቶ ሲመጣም ይመለስልኛል። ጠዋት በእግሩ መጥቶ ከበር የመለስኩት ሰው ግን ዳግም አያምነኝም።

የሰው ኃይል፦
የኔ እህት፣ መጀመሪያ ፔሮሉን፣ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን፣ እዪው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ከሥራ ግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር አድጓል። 4,500 ብር የምታገኝ ሰፊ በድሮው ስሌት 597 ብር ከ50 ይቆረጥባት ነበር፤ አሁን የሚቆረጥባት 400 ነው። ሒሳብ ሠራተኛችሁ በአዲሱ እየሠራ መሆኑን አረጋግጪ። ብዙ ሰው ከደመወዙ ምን ያህል ለግብር፣ ምን ያህል ለጡረታ እንደሚሄድ አያውቅም። ቁጭ ብለሽ አስረጂያቸው፤ ጥርጣሬው ራሱ ያደክማል።

ሌላው፣ ጨርቅ አልቆ ሥራ ቢቆም፣ ለመሥራት ዝግጁ ሆነው እስከመጡ ድረስ ደመወዝ ይገባቸዋል። ይህ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ያለ ነው፤ ባለቤቱም ይወቀው። እንደናንተ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት፣ ከሥራ ማሰናበቱ አምስት ሰውና ከዚያ በላይ የሚነካ ከሆነ የሠራተኛ ቅነሳ ይባላል። ያኔ ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር መመካከርና የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ግድ ነው። ቅድሚያ የሚቆየውም ችሎታና የተሻለ ምርት ያለው ነው። ይህን ዛሬ ንገሪያቸው። አንድ ቀን ጠዋት በድንገት ውጡ እንባላለን ብለው ሲሰጉ ነው እጃቸው የሚዝለው።

አልስማማም፦
እኔ ግን እንዲህ አፍረጥርጦ መናገሩን እፈራለሁ። ገንዘብ የለም ካልሻቸው ቀድሞ የሚወጣው ጎበዙ ነው። ሰነፉ ይቀርልሻል።

ጡረተኛው የፈረቃ ኃላፊ፦
ልጄ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ የመንግሥት ፋብሪካዎች ወደ ግል ይዛወራሉ ሲባል ፈረቃ እመራ ነበር። ገና ምንም ሳይሆን ወሬው ብቻውን ሰዉን ጨረሰው። ሰው ማሽኑን ትቶ ጥግ ጥግ ይዞ ያወራል።

እኔ በሩ አጠገብ ጥቁር ሰሌዳ አቆምኩ። የያዝነውን ትእዛዝ፣ ብዛቱን፣ የሚያልቅበትን ቀን፣ ገንዘቡ ይገባል የተባለበትን ቀን ጻፍኩበት። ያልተከፈለውን በቀይ ጠመኔ። ጥሬ ዕቃ ሳይመጣ ሲቀር እሱንም ጻፍኩ። ክፉውን ካልጻፍሽ ደጉን አያምኑሽም። ሰዉ ሲገባ ቆም ብሎ ያነባል፣ ከዚያ ወደ ማሽኑ ይሄዳል። ጥግ ላይ ይወራ የነበረው እኔ ፊት መጠየቅ ጀመረ።

ጎበዙ ይሄዳል ላልከው ልጄ፣ ጎበዙ ከአለቃው ቀድሞ ያውቃል። የክር ሣጥኑ መጉደሉን በእጁ የሚነካው እሱ ነው። የሚያስኮበልለው የነገሩት እውነት ሳይሆን እየጎደለ «ሁሉ ሰላም ነው» ሲባል ነው።

ደመወዝ የሚዘገይ ከሆነ በየተራ ይከፈል፤ መጀመሪያ ዝቅተኛ ደመወዝተኛው፣ በመጨረሻ አንቺና ባለቤቱ። ይህንንም ሰሌዳው ላይ ጻፊው። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ። በዚያ ብርድ በባዶ ሆድ መርፌ ክር መሰካት ቅጣት ነው። ሥራ ሳይጀመር ትኩስ ሻይና ዳቦ ይቅረብ። የአሠልጣኙ ብር ለዚህ ይበቃል።

የጠባሴዋ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፔሮሉን አየሁት፤ ግብሩ በአዲሱ ስሌት ነው የሚቆረጠው፣ ልጆቹ ግን አያውቁም ነበር። ወረቀቱን ይዤ ከእያንዳንዳቸው ጋር እቀመጣለሁ። ባለቤቱን ደውዬ አነጋገርኩት። አሠልጣኙን ትቶታል፤ የሻይና ዳቦውን ፈቅዷል። የደመወዙን ተራ ግን «ላስብበት» ብሏል፤ እኔም አለቀውም። የእኔ በመጨረሻ እንዲሆን ነግሬዋለሁ።

ለኮሌታዋ ልጅም ደወልኩላት። አዲስ ሥራ ይዛለች፣ አትመለስም። ቅዳሜ ከሰዓት እየመጣች ሁለት ልጆች እንድታሳይልኝ በክፍያ ጠየቅኳት፤ እሺ ብላለች።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ትልቁ ዕዳ ያለበት አንድ ትምህርት ቤት ነው። የሦስት ሰፊዎቼ ልጆች እዚያ ይማራሉ። ሰሌዳው ላይ ስሙን ልጻፈው?

ጡረተኛው የፈረቃ ኃላፊ፦
ስሙን አትጻፊ ልጄ። «ዩኒፎርም» በይና ብዛቱንና ቀኑን ብቻ አስፍሪ። ሦስቱን እናቶች ግን ለብቻ ጠርተሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ከሌላ ሰው አይስሙት።