ልጄ በቴሌግራም የምትናገርበት ድምፅ የማን ነው?

የደሴዋ እናት፦
የ15 ዓመት ልጅ አለችኝ። በቀደም ማታ ቡና እያፈላሁ ሳለ ለጓደኛዋ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ስትቀዳ ሰማኋት። መጀመሪያ «አብሽሪ፣ ነገ እልክልሻለሁ» አለችና አጠፋችው፤ ቀጥላ የወሎ ለዛዋን ከድምፅዋ አውጥታ «አይዞሽ» እያለች እንደ አዲስ አበባ ልጅ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ቀዳችው። ከእነዚህ ጓደኞቿ አብዛኞቹን በአካል አታውቃቸውም፤ ስሟም እዚያ ሌላ ነው። ስልኩን መንጠቅ አልፈልግም፤ ነገር ግን በማንነቷ አፍራ ይሆን የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መምህር፣ ከኮምቦልቻ፦
እህቴ፣ ኤሪክ ኤሪክሰን የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ የአፍላ ዕድሜ ዋና ትግል ማንነትን መፈለግ እንደሆነ የጻፈው እንዲህ ያለ ስልክ ሳይኖር ነው። እኛም በልጅነታችን ፒያሳ ስንወጣ አነጋገራችንን እንቀይር ነበር፤ ሆኖም የተናገርነው ከአፋችን ወጥቶ እዚያው ይቀር ነበር እንጂ፣ እንደ ዛሬ ልጆች የገዛ ድምፃችንን መልሰን እየሰማን፣ እያረምንና እያጠፋን አናድርም ነበር። እኔን ያሳሰበኝ ለዛውን መቀየሯ ሳይሆን ሦስት ጊዜ መድገሟ ነው። ባቲና አምባሰል የተባሉት ቅኝቶች በወሎ አገሮች ስም እንደሚጠሩ እየነገሩ ማጽናናት (እኔም በክፍል ውስጥ ሞክሬዋለሁ) ብዙም አይጠቅምም። ይልቅ ማን ምን እንዳላት ቀስ ብለው ይጠይቋት።

ከሐይቅ፦
እትዬ፣ በአካል አለመተዋወቃቸው ብቻውን አያስጋዎት። በ2014 ጦርነቱ ሲመጣ የክፍሌ ልጆች በየአገሩ ተበተኑ፤ ያኔ የሆዴን የማጫውተው በቴሌግራም ለተዋወቅሁት የሐዋሳ ልጅ ነበር። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥም፣ በተራ ስልክ እየደወለ ደኅንነቴን የጠየቀኝ እሱ እንጂ አብረውኝ ኳስ የተጫወቱት አልነበሩም። እስከ ዛሬ ፊት ለፊት አልተያየንም። ዛሬ እሱ ራሱ «አብሽር» ይለኛል።

የደሴዋ እናት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር እንዳሉት ቡና ላይ ጠየቅኋት። ለካ ከወራት በፊት አንዷ ጓደኛዋ ድምፅዋን ወደ ሌላ ግሩፕ አስተላልፋ ስቀውባት ኖሯል። ያንን መልእክት እስካሁን አላጠፋችውም፤ ከፍታ አሰማችኝ። በ11 ሰከንድ ውስጥ ሁለት ጊዜ «አብሽሪ» ትላለች።