ማሽኑ ይግባና ይታረም ወይስ ነርሷ ትጠየቅና ይግባ?

አወያይ፦ የዛሬው የግሩፓችን ክርክር ይኸውላችሁ። በሐዋሳና በዙሪያዋ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የስኳር ሕመምተኛን ዓይን በፎቶ የሚመረምር ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ይግባ ቢባል፣ ነርሶችና ታካሚዎች ቀድመው እንዲሳተፉበት ግዴታ ይሁን? ወይስ መጀመሪያ ይግባና እየታየ ይስተካከል? ስድብ አይፈቀድም። ቮይስ የሚልክም ይጠፋበታል 😄

ኮደሩ፦ ይግባ! እዚህ አገር ነገር የሚሞተው ኮሚቴ ውስጥ ነው። ታይላንድ ውስጥ ነርስ ያነሳችው ፎቶ ስፔሻሊስት አይቶት ውጤቱ እስኪመለስ እስከ 10 ሳምንት ይፈጅ ነበር። የጎግል ኤአይ ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይናገራል። ስኳር ዓይን ሲያበላሽ መጀመሪያ ላይ አያስታውቅም፤ ሰውየው «ማየት አቃተኝ» ብሎ እስኪመጣ ብዙው ነገር አልፏል።

ሲስተር፦ ወንድሜ፣ ታይላንድን ካነሳህ አይቀር ጨርሰው እንጂ። ያ ማሽን ላቦራቶሪ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ ትክክል ነበር። ክሊኒክ ሲገባ ግን በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ከቀረቡለት 1,838 ፎቶዎች 21 በመቶውን አላነብም አለ። ምክንያቱም የሚፈልገው ጥርት ያለ ፎቶ ነው፤ ብዙዎቹ ክሊኒኮች ደግሞ ክፍላቸውን ማጨለም አይችሉም። ፎቶው የተመለሰበት ሰው ዓይኑ ደህና ቢሆንም ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ ሂድ ይባላል። አንድ ጊዜ ኔትወርክ ለ2 ሰዓት ጠፍቶ 200 ሰው ሊታይ ሲችል 100 ብቻ ታየ። ይህን እ.ኤ.አ. በ2020 የጻፉት የጎግል የራሱ ተመራማሪዎች ናቸው። የእኔን ክፍል ደግሞ ከሰዓት በኋላ ኑና እዩት፤ ፀሐዩ ፊት ለፊት ይገባል፣ መጋረጃውም ስስ ነው።

ኮደሩ፦ ሲስተር፣ ይኼ ሁሉ የታወቀው እኮ ስለገባ ነው!

ሲስተር፦ ክፍሉ ብርሃን እንደሚበዛው ለማወቅ እኔን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል።

የአቶቴ ልጅ፦ ቋንቋውስ? ከገጠር የምትመጣ እናት የምትሰማው ሲዳሙ አፎ ነው። ማሽኑ ስክሪን ላይ «ሪፈር» ብሎ ቢጽፍላት ምን ይጠቅማታል? ቋንቋ የሚሠሩት የኤአይ ሞዴሎች እንኳ አማርኛንም ገና በቅጡ አልያዙትም።

የሕግ ተማሪ፦ ፈቃዷንም አስቡት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ ይመድበዋል። በማታነበው ወረቀት ላይ አውራ ጣት ማስነካት ፈቃድ ነው?

ጋሼ (ጡረተኛ መምህር፣ የስኳር ታካሚ)፦ ልጆቼ፣ «ተሳትፎ» ስትሉ እኔን የሚታየኝ ሐይቅ ዳር ያለ የሆቴል አዳራሽ ነው። ባነር ይሰቀላል፣ አቴንዳንስ ይፈረማል፣ አበል ይታደላል፣ ከሻይ በኋላ የቡድን ፎቶ። ከዚያ ማሽኑ እንደነበረው ይመጣል። ሪፖርቱ ላይ ግን «ተጠቃሚዎች ተሳትፈዋል» ይላል! እኔ የምለው ሌላ ነው። ነርሷ እምቢ የማለት ሥልጣን ይኑራት። ውሉ ላይ «የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው በ3 ጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶች ለ3 ወር ሠርተውበት ሲፈርሙ ነው» ተብሎ ይጻፍ። ያኔ ሻጩ ራሱ መጋረጃውን ሊያይ ይመጣል።

ኮደሩ፦ ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው፤ ይኼ የእኛን ልጆች ገዳይ ነው። ገንዘቡ ተይዞበት 3 ወር የሚቆይ ጀማሪ ድርጅት ሐዋሳ ውስጥ የት አለ? ያንን የሚችለው ትልቁ የውጭ ኩባንያ ብቻ ነው። ያኔ ደግሞ ሲዳሙ አፎ ጭራሽ ይረሳል።

የአቶቴ ልጅ፦ ይቺ ጥሩ ነጥብ ናት፣ መካድ አይቻልም።

ጋሼ፦ ግማሹ ቀድሞ ይከፈል። ሙሉውን ከፍሎ መለመን ግን ይቅር።

ሲስተር፦ እኔ የምፈርም ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ከዚህ በፊት ታብሌት መጥቶልን ነበር። ቀን ወረፋው እያለ በመዝገብ እንጽፋለን፤ ማታ እዚያው ቁጭ ብለን ከመዝገብ ወደ ታብሌት እንገለብጣለን። ሥራ ያቀልላል የተባለው ነገር ሁለት ሥራ ሆነ። የሙከራው ሰዓት ሥራ ተብሎ ይቆጠርልኝ፤ ያን ቀን የማያቸው ታካሚዎችም ቁጥር ይቀነስ።

ኮደሩ፦ የነርሷ ሰዓት በጀት ይያዝለት ከተባለ አብሬያችሁ ነኝ። ክፍያ ማገዱን ግን ግማሽም ቢሆን አልቀበልም።

አወያይ፦ እንግዲህ የቀረችን ክፍያዋ ናት። ፖል እከፍታለሁ፤ ግማሽ ይያዝ፣ ሩብ ይያዝ፣ ምንም አይያዝ። ቮይስ አሁንም አይፈቀድም።