ጥርጣሬ ከገባው ወዳጄ ጋር ምን ላንብብ?

መጽሐፍ ቅዱስን ለረጅም ጊዜ አብሮኝ ሲያነብ የኖረ ወዳጄ ከእንግዲህ መጸለይ እንዳቃተው፣ ንባባችን እንዲቋረጥ ግን እንደማይፈልግ ስለነገረኝ፣ ከዚህ በኋላ ምን ይዤ ልቅረበው የሚለው ጥያቄ አስጨንቆኛል። ሁለታችንም አብልጠን የምንወደው መጽሐፈ ኢዮብን ነው። እርሱ ግን በምዕራፍ 42 ኢዮብ ሌሎች ልጆች ማግኘቱ የሞቱትን አይተካም ይላል፤ እኔም (እውነቱን ለመናገር) ለዚህ የሚያረካ መልስ የለኝም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በዝምታ አብረውት ሲቀመጡ መልካም አደረጉ፤ ያቆሰሉት መናገር ከጀመሩ በኋላ ነውና፣ ተከራክሬ ላሳምነው ብነሣ የእነርሱን መንገድ እንዳልከተል እሰጋለሁ። በማርቆስ ወንጌል 9፥24 የታመመው ልጅ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ማለቱ እኔን ያጽናናኛል፤ ለወዳጄ ብጠቅስለት ግን ስብከት ይመስልበት ይሆን?

ከእንዲህ ያለ ወዳጅ ጋር የቆያችሁ ካላችሁ ምክራችሁን እለምናለሁ። የራሴን ጥርጣሬ አስቀድሜ ልግለጽለት ወይስ ከመዝሙረ ዳዊት የኀዘንና የአቤቱታ መዝሙሮችን ያለ ምንም ማብራሪያ አብረን እናንብብ? እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ሆኖም ዝምታዬን እንደ መሸሽ እንዳይቆጥርብኝ እፈራለሁ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭም፣ መልስ ለመስጠት የማይቸኩል መጽሐፍ ብትጠቁሙኝ በደስታ እቀበላለሁ።