ፈተናውና ውድድሩ ተጋጩብኝ

አዲስ አበባ የምኖር የማራቶን ሯጭ ነኝ። ጎን ለጎን አካውንቲንግ በርቀት እማራለሁ፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ደርሻለሁ።

ማክሰኞ የፍጥነት ልምምድ አለ፣ ሐሙስ ሱሉልታ፣ እሁድ ደግሞ ሰንዳፋ አስፋልት ላይ 35 ኪሎ ሜትር። ከዚያ በኋላ ሞጁል ስገልጥ ዓይኔ ይከደናል። ስለዚህ ምዕራፉን ጮክ ብዬ እያነበብኩ ስልኬ ላይ እቀዳለሁ፤ ቀለል ያለ ሩጫ ባለበት ቀን እየሰማሁት እሮጣለሁ። ለንድፈ ሐሳቡ በጣም ጠቅሞኛል። የሂሳብ መዝገብ ሥራው ግን እስክሪብቶ ካልያዙ አይገባም፤ እሱን ከሰዓት በኋላ እሠራለሁ። አሳይመንቶቼን በሙሉ በጊዜ አስገብቻለሁ።

የቸገረኝ ፈተናው ነው። የስፔኑ የቫሌንሲያ ማራቶን የሚሮጠው በፈረንጆቹ ዲሴምበር የመጀመሪያው እሁድ ነው፤ እኔም እስከ 30ኛው ኪሎ ሜትር አሯሯጭ (ከፊት ሆኖ ለሌሎቹ ፍጥነት የሚጠብቅ ሯጭ) ሆኜ ተይዣለሁ። የማጠቃለያ ፈተናው ደግሞ እዚያው ቅዳሜና እሁድ ላይ ወደቀ። የርቀት ትምህርት ማዕከሉን ሜክአፕ (ማካካሻ ፈተና) ስጠይቅ "ከፌዴሬሽን ደብዳቤ አምጣ" አሉኝ። የምሄደው ግን ለብሔራዊ ቡድን አይደለም፤ በማናጀሬ በኩል በግል ነው። የውድድሩን የግብዣ ደብዳቤ ባሳይም ብቻውን አይበቃም ተባልኩ።

ሴሚስተሩን ማቋረጥ አልፈልግም። የሩጫ ዕድሜ አጭር ነው፤ ትምህርቱን የያዝኩትም ለዚያ ነው። የአሯሯጭነቱ ክፍያ ደግሞ የቤት ኪራዬን የምችልበት ነው፣ ልተወው አልችልም።

በግል ውድድር ምክንያት ሜክአፕ የተፈቀደላችሁ የርቀት ተማሪዎች፣ ተቋማችሁ የተቀበለው ከማን የተጻፈ ደብዳቤ ነው?