«እጁን ኪሱ ውስጥ ያኑር» ስለተባለው አዲስ መሐንዲስ

የቀበሌ 14 ልጅ፦ ትናንት እዚህ ባሕር ዳር በተካሄደ የሙያተኞች ስብሰባ ላይ አንድ የኔትወርክና ሰርቨር ክፍል ኃላፊ «አዲስ የተቀጠረ መሐንዲስ ለስድስት ወር እጁን ኪሱ ውስጥ ያኑር፤ ዓይኑ ይበቃዋል» ሲሉ የአዳራሹ ግማሽ አጨበጨበ። እኔ አዲስ ሥራ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ወንበር ተሰጥቶኛል፤ የይለፍ ቃል ግን አልተሰጠኝም። የተሰጠኝ የኔትወርክ ንድፍ ዛሬ ራኩ (የመሣሪያ መደርደሪያው) ላይ የሌለ ስዊች፣ ማለትም ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኝ መሣሪያ፣ ያሳያል፤ የት እንደ ሄደ ስጠይቅ «ቀስ ብለህ ትደርስበታለህ» ተባልኩ። ያጨበጨባችሁ ሰዎች ምን ደስ እንዳላችሁ ብታስረዱኝ እወዳለሁ።

የማታ ተረኛ፦ ልጄ፣ ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ጎበዝ ልጅ በገባ በሳምንቱ ራክ ላይ የተንጠለጠለ ፓች ኬብል አየና ለጽዳት ብሎ ጫፉን ባዶ ወደብ ውስጥ ሰካው። ሌላኛው ጫፍ ያው ስዊች ላይ ነበር። እንዲህ ያለውን ቀለበት የሚከላከለው የስዊቹ ቅንብር፣ ስፓኒንግ ትሪ የሚባለው፣ ጠፍቶ ስለነበር መልእክቱ እየተባዛ ሲዞር ሕንፃው በሙሉ ከኔትወርክ ወጣ፤ እኛም ኬብል አንድ በአንድ እየነቀልን አራት ሰዓት ሙሉ ላብ አጠመቀን። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ እጁ ግን ከዕውቀቱ ቀደመ።

የፖሊ ልጅ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምናገረው፤ ይህ ታሪክ የሚከሰው ሌላ ሰው ነው። ስፓኒንግ ትሪ የተፈጠረው ሰው እንደዚያ ሊሳሳት እንደሚችል ታውቆ ነው። እሱን ያጠፋው አዲሱ ልጅ ነው ወይስ ነባሩ? እንግዲህ ኪስ ውስጥ መግባት የነበረበት የማን እጅ ነው?

የማታ ተረኛ፦ ያጠፋው ነባር ሰው ነው፤ ያጠፋውም በምክንያት ነው። ወደቡ መረጃ ማሳለፍ እስኪጀምር 30 ሰከንድ ያህል ያቆይ ስለነበር ኮምፒውተሮች አድራሻ ሳያገኙ ይቀሩና ሠራተኛው ሁሉ ጠዋት ጠዋት እኛ በር ላይ ይሰለፍ ነበር።

የፖሊ ልጅ፦ መዘግየቱን በተጠቃሚዎች ወደብ ላይ ብቻ ማስቀረት ይቻል ነበር፤ ለዚያ ተብሎ የተዘጋጀ ትእዛዝ አለ። አጥፍቶ ምክንያቱን በአንድ መስመር እንኳ ጽፎ ያልተወ ሰው «ነባር» ተብሎ ሲከበር፣ ኬብል የሰካው ልጅ ግን ዛሬም ድረስ ማስፈራሪያ ተደርጎ ይተረካል።

የሰው ሀብት ሠራተኛ፦ እኔ የምጠይቀው ስለ ቀን ቆጠራው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በሳምንት አምስት ቀን ብንሠራ እንኳ ይህ 12 ሳምንት ነው። ስድስት ወር እጁን ኪሱ ያኖረ ሰው የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ በምን ይመዘናል? ቅጹን የምሞላው እኔ ነኝ፤ «የሥራ ጥራት» በሚለው ሣጥን ውስጥ የኪሱን ጥራት ልጻፍ?

ፔዳ በር፦ ያ አዋጅ የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም።

የሰው ሀብት ሠራተኛ፦ እንደማይመለከት አውቃለሁ፤ የምሠራው በግል ድርጅት ነው። ተናጋሪው ግን የመንግሥትና የግል ብለው አልለዩም፤ እርስዎም አሁን ነው የለዩላቸው።

የፖሊ ልጅ፦ ነገሩን በከተማችን ታሪክ እንመልከተው። ፖሊ፣ ማለትም የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሲከፈት ብረታ ብረትን፣ እንጨት ሥራንና ኤሌክትሪክን ያስተማረው ተማሪውን ማሽን ፊት አቁሞ ነው። ኪስ የሚባል የትምህርት ዓይነት አልነበረም።

ፔዳ በር፦ ደግሞ ፖሊ መጣ። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ፖሊና የእኛ ፔዳ (የፔዳጎጂ አካዳሚው) አንድ ዩኒቨርሲቲ መሆናችንን የሚነግርህ ሰው ጠፋ መሰለኝ። ለመሆኑ የእንጨት ሥራ ተማሪ ሲሳሳት የሚበላሸው አንድ ሳንቃ ነው፤ ዋናው ስዊች ላይ የተሳሳተ ትእዛዝ የጻፈ ሰው ግን ደመወዝ የሚጠብቀውን ሠራተኛ ሁሉ ሥራ ያስፈታል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ የፖሊ ፍቅር እንጂ ክርክር አይደለም።

የማታ ተረኛ፦ ዓይን ይበቃዋል የተባለው በከንቱ አይደለም። ባለፈው ዓመት የመጣ አንድ መሐንዲስ በሁለቱ ሕንፃዎቻችን መካከል ያለውን ፋይበር (መረጃን በብርሃን የሚያሳልፍ የመስታወት ኬብል) አይቶ «ርቀቱ ከ100 ሜትር በታች ስለሆነ መጋዘን ውስጥ የተረፈው የመዳብ ኬብል ይበቃል» ብሎ ሐሳብ አቀረበ። በወረቀት ላይ ስሌቱ ልክ ነበር። ነገር ግን የሁለቱ ሕንፃዎች ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር ለየብቻ ነው፤ የጣና ክረምት መብረቅ ደግሞ ወረቀት አያነብም። ድሮ በመዳብ በነበርንበት ጊዜ አንድ ሌሊት ሁለት ስዊች ተቃጥሎብን ነው ወደ ፋይበር የዞርነው፤ መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና። መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጠው የዩፒኤስ ባትሪዎችም እንዲሁ ናቸው። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል ያጥራል፤ ስለዚህ በመጋቢትና በሚያዝያ ቅዳሜና እሑድ ማቀዝቀዣው «ለቁጠባ» ሲጠፋ ሰኞ የሚከፍለው ማን እንደሆነ የሚያውቀው ክፍሉ ውስጥ የከረመ ሰው ብቻ ነው።

የፖሊ ልጅ፦ ጋሼ፣ ምስጋና ይግባዎትና እኔን ረዱኝ። ይህን ሁሉ አሁን የነገሩን በጥቂት መስመር ነው፤ ለማንበብም ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። አዲሱ ልጅ ስድስት ወር አፍጥጦ ቢቆም የተቃጠሉትን ስዊቾች ከየት ያያቸዋል? ዓይን ይበቃል የሚሉ ሰዎች እንዲህ ቢናገሩ ኖሮ ዓይንም አያስፈልግም ነበር።

የማታ ተረኛ፦ ስናገር የሚሰማኝ ጠፍቶ እኮ ነው መዳብ ልቀጥል ያለው!

የሐይቅ ዳር መሐንዲስ፦ እኛ ዘንድ አዲስ ሰው በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ማየት ብቻ የሚፈቅድ የመግቢያ መለያ ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያ ሥራውም የቆየውን ንድፍ እየዞረ ማረምና ኬብሎቹ ላይ ስም መለጠፍ ነው። በወሩ ገደማ አንድ ትንሽ ለውጥ በራሱ ስም ይሠራል፤ የሚሠራውንና ቢበላሽ የሚመልስበትን ትእዛዝ አስቀድሞ ይጽፋል፣ ነባር ሰውም አጠገቡ ይቀመጣል። ዓርብ ከሰዓት ግን ማንም፣ እኔም ጭምር፣ ምንም አይነካም።

ፔዳ በር፦ ይህ ያው ኪስ ነው፤ አንድ እጅ ብቻ ወጣ።

የፖሊ ልጅ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፔዳ ጋር ተስማማሁ። ማየት የሚፈቅድ መለያ ሰጥቶ ወር ማቆየት ትዕግሥት ሊባል ይችላል፤ እምነት ግን አይባልም።

የሐይቅ ዳር መሐንዲስ፦ እምነትማ ሲሠራ ይመጣል። ያንተን የይለፍ ቃል ለማታውቀው ሰው በመጀመሪያው ቀን ትሰጣለህ?

የፖሊ ልጅ፦ ጥያቄው የእኔ የይለፍ ቃል አይደለም። የድርጅት የይለፍ ቃል በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ሲኖርና ያ ሰው ለቅሶ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ «ኪስ» የሚሉትም አብዛኞቹ የሚጠብቁት ሰርቨሩን ሳይሆን ወንበራቸውን ነው።

የማታ ተረኛ፦ ይህ ነገር ለእኔ ከሆነ በግልጽ ተናገረው። ሃያ ዓመት ጀኔሬተር አጠገብ የተኛሁት ወንበር ፈልጌ አይደለም።

የሰው ሀብት ሠራተኛ፦ የ60 ቀኑን ጥያቄ የመለሰልኝ የለም።

የቀበሌ 14 ልጅ፦ እኔ የጠየቅሁትንም የመለሰልኝ የለም። ከንድፉ ላይ ያለው ስዊች እስካሁን አልተገኘም።

የማታ ተረኛ፦ የየትኛው ድርጅት እንደሆንክ አልጠይቅህም። ማክሰኞ ማታ ተረኛ ነኝ፤ ከፈለግህ መጥተህ ባትሪ ስንለካ ተመልከት፤ ግን ምንም አትነካም።

የቀበሌ 14 ልጅ፦ እመጣለሁ ጋሼ፤ ኪስ የሌለው ሱሪ ለብሼ።

ፔዳ በር፦ ስድስት ወር የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ግን አሁንም የነገረን ሰው የለም።